ለጉብኝት ታቅዶ ለዕርቅ የዋለው የሞሮኮ ጉዞ

ጥቅምት 19 ቀን 1956 ዓ.ም. በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ አራት መሪዎች አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ። ሁለቱ በጦር ሜዳ የተፋጠጡት የሞሮኮው ንጉሥ ሐሰን 2ኛ እና የአልጄሪያው ፕሬዚዳንት አህመድ ቤን ቤላ ነበሩ፤ ሁለቱ ደግሞ አስታራቂዎቹ የማሊው ፕሬዚዳንት ሞዲቦ ኬታ እና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ። «የአሸዋ ጦርነት» እየተባለ የሚታወቀውን የሰሃራ ውጊያ ያበረደው ስምምነት መታሰቢያው በየዓመቱ በጥቅምት ይመጣል፣ ብዙም ሳይወሳ ያልፋል። ሲወሳም ሁለት የማይገናኙ አተራረኮች አሉት። አንደኛው ንጉሠ ነገሥቱ በክብራቸውና በአንደበታቸው ብቻ ጦርነቱን እንዳስቆሙት ይናገራል። ሁለተኛው ተፋላሚዎቹ ቀድሞውንም ደክመው ስለነበር ኃይለ ሥላሴ ለፎቶግራፍ ከመቆም ያለፈ ድርሻ አልነበራቸውም ይላል። ማስረጃው ግን ከሁለቱም የተለየ ነገር ያሳያል። የዚያ ጉዞ ውጤት የሚለካው በጥይቱ ዝም ማለት አይደለም። ለሽምግልና ፈቃደኛ ያልነበረ አገር ጉዳዩን ለአፍሪካውያን፣ ያውም አዲስ አበባ ላይ እንዲያቀርብ በማድረጉ ነው።

የጠቡ መነሻ የታወቀ ስለሆነ አጠር አድርጎ ማለፍ ይቻላል። ፈረንሳይ አልጄሪያን ከያዘች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1845 ከሞሮኮ ጋር በላላ ማግኒያ የተፈራረመችው ውል ድንበሩን የወሰነው ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ጀምሮ ለጥቂት ርቀት ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ ደቡብ ያለው ምድር ሰው የማይኖርበት በረሃ ነው ተብሎ ሳይከለል ቀረ። ኋላ ብረትና ሌላ ማዕድን ሲገኝበት ቲንዱፍና ኮሎምብ ቤሻር በፈረንሳይ ሹማምንት ብዕር ወደ አልጄሪያ ተካለሉ። ሐሰን 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1961 ከአልጄሪያ ጊዜያዊ መንግሥት መሪ ከፈርሃት አባስ ጋር ባደረጉት ስምምነት የድንበሩ ነገር ከነጻነት በኋላ በድርድር እንዲታይ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ነጻነት ሲመጣ ሥልጣን የያዙት ቤን ቤላ ግን በደም የተገኘ መሬት ለድርድር አይቀርብም አሉ። መስከረም 27 ቀን 1956 ዓ.ም. በሐሲ ቤይዳና በቲንጁብ የውሃ ጉድጓዶች ዙሪያ ጦርነቱ ተጀመረ፤ ሞሮኮዎች በሳምንቱ ቦታዎቹን ከአልጄሪያ ጦር እጅ መልሰው ያዙ። አልጄሪያም በፊጊግ በኩል ሌላ ግንባር ከፈተች።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ጊዜ ከአገር ውጭ ነበሩ። መስከረም መጨረሻ ላይ በዋሽንግተን የፕሬዚዳንት ኬኔዲ እንግዳ ሆነው ሰነበቱ። መስከረም 23 ቀን በኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ንግግር አደረጉ። ሞሮኮ በዚሁ የጉዞ መስመር ላይ የነበረች የይፋ ጉብኝት መዳረሻ ናት። ጉብኝቱ ሲታቀድ ጦርነት አልነበረም፤ ሆኖም መርሐ ግብሩ ያለ ምክንያት የወጣ አይመስልም። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት ሐሰን 2ኛ አልመጡም። ሞሮኮ የግዛቴ አካል ናት የምትላት ሞሪታንያ እንደ ነጻ አገር በመጋበዟ ተቀይመው ነበር። ሞሮኮ ቻርተሩን የፈረመችው ዘግይታ በመስከረም 1956 ዓ.ም. ነው፤ እሱም ድንበርን በሚመለከት ያላትን የተቃውሞ አስተያየት አስመዝግባ። እንግዲህ የድርጅቱ መሥራች ንጉሥ አኩርፈው ወደ ቀሩት ንጉሥ ቤት ሲሄዱ የጉብኝቱ ፖለቲካዊ ትርጉም ግልጽ ነው። ጦርነቱ ያንን ትርጉም አከበደው እንጂ አልፈጠረውም። ኃይለ ሥላሴ ከሞሮኮ በቀጥታ ወደ አልጀርስ አመሩ፤ እንግድነት የነበረው ነገር በዚያው ሽምግልና ሆነ።

«ደክመው ነበርና ማንም ቢመጣ ይታረቁ ነበር» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ሞሮኮ በመሣሪያና በሥልጠና ብትበልጥም በረሃው ውስጥ ርቃ መዝለቅ አልቻለችም። አልጄሪያ ደግሞ ከስምንት ዓመት የነጻነት ጦርነት በወጣች በዓመቷ ነበርና መደበኛ ጦሯ ገና አልተደራጀም። ጥቅምት አጋማሽ ላይ የኩባ ታንኮችና ወታደሮች ኦራን ወደብ ደረሱ፤ ግብፅም ለአልጄሪያ እርዳታ ላከች። አሜሪካና ፈረንሳይ ነገሩ የታላላቆቹ መንግሥታት ፍጥጫ እንዳይሆን ሰግተው ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን መድከም ብቻውን ሰውን ከሰው አያስታርቅም፤ የደከመው ሰው የሚገባበት በር ያስፈልገዋል። በዚያ ሳምንት የነበሩት በሮች ደግሞ አንድ በአንድ ተዘግተው ነበር። የዓረብ ሊግ ካይሮ ላይ ተሰብስቦ ጦሩ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዲመለስ ቢጠይቅም፣ የግብፁ የናስር መንግሥት አንዱን ወገን እያስታጠቀ ስለነበር ሞሮኮ ጥያቄውን አልተቀበለችም። ቱኒዚያ ሞሪታንያን በማወቋ ከራባት ጋር ተቃቅራለች። የተባበሩት መንግሥታት በር ለሞሮኮ ይስማማት ይሆናል፤ አልጄሪያ ግን አልፈለገችውም። አልጄሪያ የፈለገችው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ነው፤ ምክንያቱም ቻርተሩ የአባል አገሮችን የግዛት አንድነት የሚያከብር ነበር። ሞሮኮም ድርጅቱን የሸሸችው በዚያው ምክንያት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ማን ያስታርቅ የሚል ብቻ ሳይሆን በየትኛው ደጅ የሚልም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሞሮኮን ያሳመኑት በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ነው።

የማሊ ወዳጆች «ባማኮ የማን ከተማ ናት? ዕርቁ የሞዲቦ ኬታ ነው» ይላሉ። ተገቢ ሙግት ነው፤ በእኛ አገር ጽሑፎች የኬታ ስም መደብዘዙም ፍትሕ አይደለም። ኬታ ከሁለቱም መሪዎች ጋር ተነጋግረዋል፣ ጉባኤውንም አስተናግደዋል። ይሁን እንጂ ኬታን ብቻ ማንሳት የሽምግልናውን አሠራር ይሸፍነዋል። በእኛ ወግ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሲታረቁ እያንዳንዱ የሚያምነውን ሽማግሌ ይጠራል፣ ከሁለቱም ወገን የተጠሩት አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ባማኮ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ኬታ የሶሻሊዝም መንገድ የመረጡ፣ ማሊም እ.ኤ.አ. በ1961 ከአልጄሪያ ጊዜያዊ መንግሥት ጋር የካዛብላንካ ቡድን በተባለው የአፍሪካ አገሮች ስብስብ የተሰለፈች አገር ስለነበረች ለቤን ቤላ ቅርብ ናቸው። ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ዙፋን ላይ ያሉ፣ ከምዕራቡ ዓለም ጋር የተወዳጁ፣ ለሐሰን 2ኛ እንደ ታላቅ የሚታዩ ንጉሥ ናቸው። ሞሮኮ ራሷ የካዛብላንካ ቡድን አባል ብትሆንም በዚያ ሰዓት የቡድኑ አባላት አብዛኞቹ ወደ አልጄሪያ ያዘነበሉ ስለነበሩ ንጉሡ የሚተማመኑበት ሰው ከዚያ ውጭ መገኘት ነበረበት። ሁለቱ አስታራቂዎች የተጣመሩት ለዚህ ነው፤ አንዱን አንስቶ ሌላውን መጣል ነገሩን ከእውነቱ ያርቀዋል።

ከበድ የሚለው ሙግት ሌላ ነው፤ ኢትዮጵያ ያስታረቀችው ለራሷ ጥቅም ነው የሚለው። አዎ፣ ለራሷም ጥቅም ነበር። በግንቦቱ የመሪዎች ጉባኤ የሶማሊያው ፕሬዚዳንት አደን አብዱላ ዑስማን የኦጋዴንን ጥያቄ አንስተው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ መልስ ሰጥተዋቸው ነበር። የቅኝ ገዥዎች ካርታ ስህተት ነው፣ ወሰኑ በዘርና በታሪክ ይሰመር የሚለው የሞሮኮ ክርክር ከሞቃዲሾ ክርክር ጋር ይመሳሰላል። ሞሮኮ በጉልበት ካሸነፈች ነገ ለኦጋዴን ምሳሌ ይሆናል፤ ጉዳዩ በአፍሪካ ድርጅት በኩል ካለቀ ደግሞ ያ ድርጅት ነገ ለኢትዮጵያም መጠለያ ይሆናል። በዚያው በ1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ሲፈነዳ የአፍሪካ ሚኒስትሮች ወዲያው በዳሬሰላም ተሰብስበው የተኩስ አቁም ጥሪ ማስተላለፋቸው ስሌቱ ትክክል እንደነበር ያሳያል። ታዲያ ይህ ሽምግልናውን ያረክሰዋል? በጭራሽ። በነገሩ ምንም የማይነካው አስታራቂ ከአንድ ጉብኝት በኋላ ይሰለቻል። አዲስ አበባ ግን ነገሩን ከጫፍ ለማድረስ የሚያተጋ የራሷ ስጋት ነበራት፤ ሁለቱም ወገኖች ይህንን ያውቁ ስለነበር ኢትዮጵያ መሃል መንገድ ላይ ትታቸው እንደማትሄድ ገምተው ነበር።

በቤን ቤላ በኩል ደግሞ ከድንበሩ የማይተናነስ የውስጥ ጣጣ ነበር። ሆሲን አይት አህመድና ኮሎኔል ሞሃንድ ኡል ሐጅ ከጦርነቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው በበርበሮቹ (በራሳቸው አጠራር በአማዚጎቹ) ምድር በካቢሊያ ተራሮች ላይ አምፀው ነበር። ቤን ቤላ አመፁን ከሞሮኮ ጋር አያይዘው ኮነኑት። ጦርነቱ ሲጀመር ግን ሞሃንድ ኡል ሐጅ አመፁን ትተው ከጦራቸው ጋር ድንበሩን ለመከላከል ወረዱ። ይህ ለቤን ቤላ ትልቅ ድል ነበር፤ አንዳንድ ጸሐፊዎች ፕሬዚዳንቱ ለድርድር የተዘጋጁት ይህን ካገኙ በኋላ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ድንበሩን የተሻገረው የደም ትስስርም ሊዘነጋ አይገባም። ቤን ቤላ ራሳቸው በድንበር ከተማዋ በማግኒያ ከሞሮኮ ከመጡ ወላጆች የተወለዱ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ከሞሮኮ ወታደሮች ጋር ለፈረንሳይ የተዋጉ ሰው ናቸው። ዓረብነትና አማዚግነት በድንበሩ ግራና ቀኝ እኩል የሰፈሩ ማንነቶች ስለሆኑ «የእኔ ሕዝብ ነው» የሚለው ክርክር ለሁለቱም ይሠራል፣ ለማንም ግን መፍትሔ አያመጣም። ሽማግሌዎቹ በማንነት ክርክሩ ውስጥ አለመግባታቸው አስተዋይነት ነበር።

በባማኮ ከጥቅምት 22 ቀን ጀምሮ ተኩስ እንዲቆም ተስማሙ። የኢትዮጵያ፣ የማሊ፣ የአልጄሪያና የሞሮኮ መኮንኖች ጦር የማይገባበትን ቀጠና እንዲለዩ፣ የሬዲዮ ስድቡ እንዲቆም፣ የድርጅቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮችም በአስቸኳይ አዲስ አበባ እንዲሰበሰቡ ተወሰነ። ሚኒስትሮቹ ከኅዳር 5 እስከ 8 ቀን 1956 ዓ.ም. ተሰብስበው ጉዳዩን የሚያይ ከኢትዮጵያ፣ ከኮትዲቯር፣ ከማሊ፣ ከናይጄሪያ፣ ከሴኔጋል፣ ከሱዳንና ከታንጋኒካ የተውጣጣ ኮሚሽን አቋቋሙ። በግንቦት አዲስ አበባን የራቀችው ሞሮኮ በኅዳር አዲስ አበባ ላይ ስትከራከር ተገኘች። የካቲት 12 ቀን፣ እኛ ሰማዕታቶቻችንን በምናስብበት ዕለት፣ ሁለቱ አገሮች ጦራቸውን ለማራቅ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ኮሚሽኑ ለዓመታት በስብሰባ ላይ ስብሰባ ሲያደርግ ኖረ፤ የመጨረሻው ውል የመጣውም በቀጥታ ከእርሱ ሳይሆን ከሁለቱ አገሮች ድርድር ነው። ሰኔ 8 ቀን 1964 ዓ.ም. የድርጅቱ ጉባኤ በራባት ሲካሄድ የድንበር ውሉ ተፈረመ፤ ሞሮኮ ያጸደቀችው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

«ታዲያ ዛሬም አልታረቁም፤ የቱ ነው ውጤቱ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። በምዕራብ ሰሃራ የተነሳ እ.ኤ.አ. በጥር 1976 በአምጋላ ተዋግተዋል፤ ሞሮኮም እ.ኤ.አ. በ1984 በዚያው ጉዳይ ከድርጅቱ ወጥታለች። ይሁንና ያ ሌላ መሬትና ሌላ ክርክር ነው። በ1956 ዓ.ም. ደም የፈሰሰበት ወሰን እስከ ዛሬ እንደተሰመረ አለ፤ ሁለቱ ጦሮች ለዚያ መስመር ዳግመኛ አልተዋጉም። ሞሮኮ ወደ አፍሪካ ኅብረት በ2009 ዓ.ም. ስትመለስም የተመለሰችው አዲስ አበባ ላይ ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ንጉሥ መሐመድ 6ኛ አዲስ አበባን ሲጎበኙ በድሬዳዋ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ስምምነት ተፈርሟል። 

ዛሬ ከኢትዮጵያ ተነስቶ የዓረብና የአማዚግ ቅርስ ያላቸውን ሁለቱንም አገሮች ለማየት የሚያቅድ ሰው የሚገጥመው ችግር ንጉሠ ነገሥቱ ካጋጠማቸው ይብሳል። እሳቸው በጦርነት መሃል ከሞሮኮ ወደ አልጄሪያ በረሩ። አሁን ጦርነት የለም፤ የየብሱ ድንበር ግን ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ዝግ ነው። አልጄሪያ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የዲፕሎማሲ ግንኙነቷን አቋርጣ፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም. የአየር ክልሏንም ለሞሮኮ አውሮፕላኖች ዘግታለች። ከሞሮኮዋ ኡጅዳ እስከ አልጄሪያዋ ትሌምሰን በመኪና ከመቶ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፣ መንገደኛ ግን አያልፍበትም። የአማዚግ ቋንቋ በሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በአልጄሪያ በ2016 በሕገ መንግሥት ይፋዊ ቋንቋ ሆኗል፤ ይህንን በሁለቱም ወገን ለማየት የሚፈልግ ተጓዥ ሁለት ቪዛና ሁለት የተለያየ በረራ አስቦ፣ በመካከሉ ቱኒስን ወይም አንድ የአውሮፓ ከተማ ማረፊያው ማድረግ ይኖርበታል።