ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ አካላዊ እንቅስቃሴና ወደ ሥራ መመለስ

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነው። ለሕመሙ ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ ጡትን በሙሉ ወይም በከፊል የሚያስወግድ ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በብብት ሥር ያሉ ንፍፊቶችም አብረው ይወጣሉ። ይህ መረጃ ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉ ሴቶችና አስታማሚዎቻቸው ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ክንድን መቼና ምን ያህል ማንቀሳቀስ እንደሚገባ እንዲገነዘቡ የተዘጋጀ ነው።

ታካሚዋ እንዳትጎዳ በማሰብ ክንዷን እንዳታነሣ፣ ፀጉሯንም እንዳታበጥር የሚከለክሉ አስታማሚዎች አሉ። ሐሳቡ ከርኅራኄ የመነጨ ቢሆንም ውጤቱ ጎጂ ነው። ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ የቆየ ትከሻ ይደርቃል፤ በደረትና በብብት ያለው ጠባሳም እየጠበቀ ሲሄድ ክንድን ወደ ላይ መዘርጋት ያዳግታል። ጉዳቱ በቤት ውስጥ ሥራ ላይ ብቻ አይወሰንም። የጨረር ሕክምና በሚሰጥበት ጊዜ ታካሚዋ በጀርባዋ ተኝታ ክንዷን ከራሷ በላይ እንዳነሣች መቆየት ይኖርባታል። ትከሻዋ ያልተፍታታ ከሆነ ሕክምናው ሊዘገይ ይችላል። አገልግሎቱ እንደ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ባሉ ጥቂት ተቋማት የሚሰጥ በመሆኑ፣ ከሩቅ ተጉዞና ወረፋ ጠብቆ በዚህ ምክንያት መመለስ ከባድ ኪሳራ ነው።

ሐኪምዎ የተለየ ትእዛዝ ካልሰጠዎ በስተቀር፣ ከቀዶ ሕክምናው ማግሥት ጀምሮ አጭር የእግር ጉዞ ማድረግ ይችላሉ። በዚሁ ጊዜ እጅዎን ይጨብጡና ይፍቱ፣ ክርንዎን ይጠፉና ይዘርጉ፣ ትከሻዎን በዝግታ ያዙሩ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ያህል መደጋገሙ በቂ ነው። ፊትን መታጠብና መመገብ ራሳቸው እንቅስቃሴ ስለሆኑ በዚያው ክንድ ይከናወኑ። የፈሳሽ ማውጫው ቱቦ እስኪወጣ ድረስ ግን ክርንዎን ከትከሻዎ ከፍታ በላይ አያንሡ።

ቱቦው ከወጣና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ዋናው ሥራ ይጀምራል። ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመው ጣቶችዎን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያራምዱ፤ የደረሱበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ቢያደርጉ ለውጡን ከቀን ወደ ቀን ለማየት ይረዳዎታል። በጀርባ ተኝቶ ዱላን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ራስ አቅጣጫ ማንሣትም ጠቃሚ ነው። የመወጠር ስሜት የሚጠበቅ ነው፤ የሚወጋ ሕመም ከተሰማዎት ግን ያቁሙ። በአንዳንድ ሴቶች ላይ ከብብት ወደ ክርን የሚወርድ እንደ ክር የተወጠረ ነገር ይታያል። ይህ ብዙውን ጊዜ ካንሰሩ የመመለሱ ምልክት ሳይሆን በእንቅስቃሴ የሚሻሻል ሁኔታ ነው፤ ቢሆንም ለፊዚዮቴራፒስት ይታይ።

ከባድ ዕቃ ማንሣት ሌላ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ከ2 ወይም ከ3 ኪሎ ግራም በላይ በዚያ ክንድ ማንሣት አይመከርም። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ውኃ መቅዳት፣ ሊጥ ማቡካት፣ ልብስ አጥቦ መጭመቅ፣ እንጨት መሸከምና ልጅ ማዘል በዚህ ጊዜ በሌላ የቤተሰብ አባል መከናወን አለባቸው። ባሎችና የደረሱ ልጆች ይህን እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ሕክምናው አካል ሊያዩት ይገባል።

ጡታቸው በሲሊኮን መልሶ የተሠራላቸው፣ ወይም ለማስዋብ ሲሊኮን ያስተከሉ ሴቶችም መራመድ የሚጀምሩት ቀደም ብለው ነው። ሩጫን፣ ዝላይንና የደረት ጡንቻን የሚያሠሩ እንቅስቃሴዎችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ለ6 ሳምንት ያህል ማቆየትና ደጋፊ ጡት መያዣ መልበስ ይኖርባቸዋል፤ በክንድ እንቅስቃሴም ረገድ የቀዶ ሐኪማቸውን መመሪያ ይከተሉ።

ንፍፊት የወጣለት ክንድ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ሊያብጥ ይችላል። ቀደም ሲል ይህን በመፍራት ታካሚዎች ዕድሜ ልካቸውን ዕቃ እንዳያነሡ ይመከሩ ነበር። ዛሬ ግን ቁስሉ ከዳነ በኋላ ከቀላል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር የጥንካሬ እንቅስቃሴ እብጠትን እንደማያስከትል ታውቋል። ይልቁንም ክንዱን ከመቆረጥ፣ ከእሾህና ከቃጠሎ መጠበቅ ይገባል። እንጀራ ሲጋግሩ አክንባሎውን በሌላው እጅ ያንሡ ወይም ክንድዎን በጨርቅ ይሸፍኑ፤ የምጣዱ እንፋሎት የሚያስከትለው ቃጠሎ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ቀለበት ወይም እጅጌ መጥበቁ የእብጠት መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ያበጠን ክንድ በወጌሻ ማሳሸት አይገባም። ክንዱ ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳትም ካለዎት በዚያው ቀን ሐኪም ሊያይዎ ይገባል።

ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶች በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜያቸውን ጨርሰው ከሆነ፣ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ የማግኘት መብት አላቸው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ነው። ለዚህም የሕክምና ማስረጃ ስለሚጠየቅ፣ ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት ማስረጃውንና ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚያስተላልፍ የሪፈር ወረቀት ከሐኪምዎ ይጠይቁ።