የሟች ንብረት ቆጠራ ሰነድ

ብራና፣ ቀለም
እንግሊዝ፣ 17ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ

የላይኛውን ጠርዝ ይመልከቱ፤ እንደ ሞገድ ተጠማዝዞ የተቆረጠው ሆን ተብሎ ነው። ሰነዱ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ ነበር። አንዱ ለቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ገቢ ይሆናል፤ ሌላው በውርስ አጣሪው እጅ ይቀራል። ጠርዞቹ ከገጠሙ የአንድ ሰነድ ቅጂዎች መሆናቸው ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. በ1529 የወጣው ሕግ ቆጠራው ቢያንስ ሁለት ሰዎች ባሉበት እንዲካሄድ ያዝዝ ነበር። ከተገኙም የሟቹ ገንዘብ ጠያቂዎች ቢሆኑ ይመረጣል። ገማቾቹ ክፍል በክፍል እየዞሩ የላባ ፍራሹን፣ የቆርቆሮ ሳህኑን፣ ላሚቱን፣ ያልታጨደውን እህል ሳይቀር በፓውንድ፣ በሺሊንግና በፔኒ ይተምናሉ። የርስት መሬት ግን አይቆጠርም። ሌሎች ለሟቹ መክፈል ያለባቸው ብድር ይመዘገባል፤ ይመለሳል ተብሎ የማይጠበቀውም «ተስፋ የሌለው ዕዳ» ተብሎ ለብቻው ይሰፍራል።

ዕዳው ከንብረቱ ሲበልጥ ተራ መጠበቅ ግድ ነበር። አስቀድሞ የቀብርና የማጣራቱ ወጪ ይነሣል፤ ቀጥሎ የንጉሡ ገንዘብ፣ በፍርድ የተረጋገጠ ዕዳ፣ በማኅተም የጸና ውል። የሱቅ ዱቤና የቃል ብድር የሚደርሳቸው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ለእነዚህ ብዙ ጊዜ የሚተርፍ አልነበረም። የበላዩን ዕዳ እያወቀ የበታቹን ያስቀደመ አጣሪ ጉድለቱን ከኪሱ ይሞላል። ይህ ኃላፊነት በብዛት የወደቀው በሟች ሚስቶች ትከሻ ላይ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ፍርድ ቤት የአጣሪውን ሒሳብ ይመረምራል እንጂ ዕዳ አያስከፍልም፤ ገንዘብ ጠያቂው የሚከሰው በንጉሡ ፍርድ ቤቶች ነበር። የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች በውርስ ላይ የነበራቸው ሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ መንግሥት ፍርድ ቤት ተዛወረ።