ከአርሲ ደጋ ወደ አዋሽ ቆላ በብስክሌት፡- ሙቀትና ሰደድ እሳት ያለበት ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

አርሲ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ሩጫ ነው፡፡ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ ከበቆጂ ተነስተው የአገራችንን ስም ያስጠሩበት ምድር ነውና፡፡ እግር የለመደው ይህ ደጋ ለጎማም ይመቻል፡፡ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ተነስቶ፣ የስንዴውን ማሳ አቋርጦ፣ በአርቦዬ በኩል ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚወርደው አቅጣጫ በተራራ ብስክሌት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ለመጓዝ ለሚሻ ሰው ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን በአንድ ጉዞ ያሳያል፡፡

ችግሩ ጉዞው በብርድ ተጀምሮ በሐሩር የሚያበቃ መሆኑ ነው፡፡ በዚያ ላይ በበጋ ሣሩ ይደርቃል፤ ሰደድ እሳትም ይነሳል፡፡ እንዲህ ያለ ጉዞ የሚታቀደው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በከፍታና በሰዓት ነው፡፡ ወደፊት መቀጠል ወይም መመለስ የሚለው ውሳኔም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት መወሰን አለበት፡፡

ከፍታው የሚነግረን

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፡፡ በሌላኛው ጫፍ ያለችው መተሐራ ደግሞ 950 ሜትር ገደማ ላይ ናት፡፡ በመካከላቸው ወደ 1,500 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አለ፡፡ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚለዋወጥ ሲሰላ፣ መተሐራ ከአሰላ በ10 ዲግሪ ያህል ትሞቃለች ማለት ነው፡፡ አሰላ ላይ ሹራብ አስለብሶ ያስነሳ ማለዳ ታች ሲደረስ ጥላ የሚያስፈልግ ቀን ይሆናል፡፡

የተለመደው አካሄድ ከአሰላ በጎንዴና በኢተያ አድርጎ ወደ ዴራ መውረድ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በሲሬ በኩል አርቦዬ መድረስ ነው፡፡ አርቦዬ የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፡፡ ወረዳው እስከ አዋሽ ወንዝ የሚዘልቅ ሲሆን፣ በቆርቆሮ ቲማቲም ድልህና በማርማላታ ስሙ የሚታወቀው መርቲም የሚገኘው በዚሁ ሸለቆ ነው፡፡ ከአርቦዬ በታች ያለው ምድር የግራርና የእሾህ፣ የመስኖ እርሻና የከብት አርቢዎች አገር ነው፡፡

ይህን ጉዞ ከዓባይ በረሃ ጋር ማነፃፀር ጠቃሚ ነው፡፡ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውና ከካይሮ እስከ ኬፕታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘው «ቱር ዳፍሪክ» የተባለው የብስክሌት ጉዞ ተሳታፊዎች፣ ዓባይን ሲሻገሩ ከአንዱ ደጋ ወርደው ወደ ሌላው ደጋ ይወጡ ነበር፡፡ በጎሃ ጽዮንም በደጀንም ከላይ ከተማና ቀዝቃዛ አየር ይጠብቃቸው ነበር፡፡ በአርቦዬ በኩል ግን ወዲያ ማዶ የሚጠብቅ ደጋ የለም፤ ቁልቁለቱ የሚያበቃው እዚያው ቆላው ውስጥ ነው፡፡ ስለዚህ በመንገድ ላይ ለደከመ ሰው ያለው አማራጭ ወይ በሙቀት ወደፊት መቀጠል፣ ወይ በሙቀት ዳገት መውጣት ይሆናል፡፡

የአሜሪካው ግራንድ ካኒየን ተመሳሳይ ጠባይ አለው፡፡ መውረዱ ቀሎት የሄደ ጎብኚ ሲመለስ ይወድቃል፡፡ የፓርኩ ጠባቂዎች በበጋ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት በሸለቆው ውስጥ እንዳይሄድ የሚመክሩት ለዚህ ነው፡፡

የደጋ ሳንባ ለሙቀት ዋስትና አይደለም

ከፍታ ላይ መኖር ደምን ያጠነክራል፤ ሰውነት ሙቀትን እንዲቋቋም ግን አያለማምድም፡፡ መስከረም 2012 ዓ.ም. በዶሃ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ እኩለ ሌሊት ላይ ተጀምሮ እንኳ፣ ከ68 ተወዳዳሪዎች 28ቱ አቋርጠዋል፡፡ ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ከአቋረጡት መካከል ነበሩ፡፡ በዓለም አሉ ከሚባሉት ሯጮች ላይ ይህ ከደረሰ፣ ሳምንቱን በቢሮ አሳልፎ ቅዳሜ ብስክሌት ላይ ለሚወጣ ሰው ትምህርቱ ግልጽ ነው፡፡

ሰውነት ሙቀት የሚለምደው ከ10 እስከ 14 ቀን በሙቀት ውስጥ በየዕለቱ ሲሠራ ነው፡፡ ላቡ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ የልብ ምት ይረጋጋል፡፡ ይህን ያህል ጊዜ የሌለው ሰው ቢያንስ ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት አዳማ ወርዶ በቀትር አጫጭር ልምምዶችን ማድረግ ይችላል፡፡ ያልተለማመደ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን የቆላ ቀን ካሰበው በግማሽ ማሳጠር አለበት፡፡

የአደጋውን ሁለት ደረጃ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የበዛ ላብና ድካም ሲታይ ጥላ ሥር ተቀምጦ መጠጣትና ማረፍ በአብዛኛው ይበቃል፡፡ ተጓዡ መቀባጠር፣ መንገዳገድ ወይም ራሱን መሳት ከጀመረና ገላው ከጋለ ግን በሙቀት ተመትቷል ማለት ነው፡፡ በዚህ ጊዜ ላብ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም፡፡ ልብሱን አውልቆ፣ ውኃ አፍስሶ፣ እያራገቡ ማቀዝቀዝ ከሁሉ ይቀድማል፤ ወደ ጤና ተቋም መውሰዱ ከዚያ ይከተላል፡፡ ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፡፡ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907 ነው፡፡

ወሩና ሰዓቱ

በመተሐራ አካባቢ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ከ35 ዲግሪ ማለፍ የተለመደ ነው፡፡ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይቀላል፡፡ በሌላ በኩል በደጋው የሰደድ እሳት ወቅት ከጥር እስከ መጋቢት ይበረታል፡፡ ክረምት ደግሞ ጥቁሩ የአርሲ አፈር ጎማ ላይ ተለጥፎ ብስክሌቱን አያስነዳም፡፡ ሦስቱን አጣምሮ ላየ ሰው ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ነው፡፡ ጭቃው ደርቋል፣ ሙቀቱ ረግቧል፣ እሳቱ ገና አልበረታም፡፡

ከአርቦዬ በታች ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት መንዳት፣ ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ መቆየት፣ ቀሪውን መንገድ እስከ ምሽት መጨረስ ይመከራል፡፡ ይህ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ነው፡፡ ዕቅዱ በዚህ ስድስት ሰዓት ካልተጠናቀቀ መቀነስ ያለበት ርቀቱ እንጂ ዕረፍቱ አይደለም፡፡

ውኃ፣ ጨውና ስንቅ

በሙቀት ብስክሌት የሚነዳ ሰው በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል፡፡ ከአርቦዬ ሲነሱ ለአንድ ሰው ከ5 እስከ 6 ሊትር መያዝ ለአራት ሰዓት መንገድና ለመጠባበቂያ ይበቃል፡፡ ሆኖም ውኃ ብቻ አብዝቶ መጠጣትም አደጋ አለው፤ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥናልና፡፡ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ላይ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በመጨመር የሚዘጋጀው ውህድ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ኦ.አር.ኤስ. ችግሩን ያቃልላል፡፡

አዋሽ በአጠገብ ይፈሳል ብሎ መተማመን አይገባም፡፡ ወንዙ ከላይ የከተሞችን ፍሳሽ ተቀብሎ የሚመጣ ነው፤ በስኳር እርሻዎቹ አካባቢ ባሉ የመስኖ ቦዮችም ቢልሃርዚያ የታወቀ በሽታ ነው፡፡ የበሰቃ ሐይቅ ውኃም ጨዋማ በመሆኑ አይጠጣም፡፡ በአዋሽ አዞ ስላለ ለመታጠብ መግባትም አይመከርም፡፡

ስንቅን በተመለከተ የአርሲው ጭኮ ለደጋው ክፍል ተስማሚ ነው፡፡ ቆላ ሲወረድ ግን ቅቤው ይቀልጣል፣ ለሆድም ይከብዳል፡፡ እዚያ በሶ፣ ቆሎ፣ ሙዝና ብርቱካን ይሻላሉ፡፡ ሸለቆው የወባ አገር ስለሆነ አጎበር ይዞ ማደር ተገቢ ነው፡፡

እሳቱ ከየት ይመጣል?

በዚህ መንገድ ላይ የሚታየው እሳት አንድ ዓይነት አይደለም፡፡ በጭላሎና በገለማ ከፍተኛ ቦታዎች አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ አለ፤ በባሌም ሆነ በአርሲ ተራሮች እረኞች አዲስ ሣር እንዲበቅል በማሰብ በበጋ ሲያቃጥሉት ኖረዋል፡፡ አስታው ከሥሩ ተመልሶ ያቆጠቁጣል፤ እሳቱ ግን ካልታሰበበት ቦታ ሊደርስ ይችላል፡፡ በዝቅተኛው ቦታ ደግሞ ማር ለመቁረጥ የሚነደድ ጭስ፣ ከሰል ማክሰልና የተጣለ ሲጋራ የደረቀ ሣር ያቀጣጥላሉ፡፡ በመተሐራ የሸንኮራ አገዳ ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ ሆን ተብሎ ይቃጠላል፡፡ ይህኛው በሠራተኞች ጥበቃ ሥር ያለ እሳት ቢሆንም ወደ ማሳው መንገድ መግባት ክልክል እንደሆነ ቆጥሮ መራቅ ያሻል፡፡

ሰደድ እሳት በአገራችን ምን ያህል እንደሚከፋ ሁለት ጊዜያት ይነግሩናል፡፡ በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሳው እሳት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሔክታር ደን አውድሞ የውጭ ባለሙያዎች ለእርዳታ መጥተዋል፡፡ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ደግሞ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ገብተዋል፡፡ የዓለም ቅርስ ለሆነ ፓርክ እርዳታ ከውጭ እስኪመጣ ከተጠበቀ፣ በገደል መሀል ላለ ብስክሌተኛ ማን እንደሚደርስለት መገመት አያዳግትም፡፡

እሳት ከታየ ምን ይደረጋል?

እሳት ዳገት ይወዳል፡፡ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ሣር እያሞቀና እያደረቀ ስለሚሄድ ሽቅብ ሲወጣ ይፈጥናል፡፡ የተዳፋቱ ማዕዘን በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ እንደሚሆን ባለሙያዎች በግምት ይይዛሉ፡፡ በቀን ደግሞ ነፋሱ ራሱ ከሸለቆ ወደ ተራራ ይነፍሳል፡፡ ስለዚህ ከአርቦዬ በታች ጭስ የታየው ሰው እሳቱ ወደ እርሱ እየመጣ እንደሆነ ማሰብ አለበት፡፡ በፍጥነት ቁልቁል ወርዶ አልፈዋለሁ ማለት ደግሞ ምንም ወደማይታይበት ጭስ መግባት ነው፡፡

መሸሽ የሚገባው ወደ ጎን፣ ነፋሱን በማቋረጥ ነው፡፡ የታረሰ ማሳ፣ ሰፊ መንገድ፣ ድንጋያማ ሜዳ ወይም ቀድሞ ተቃጥሎ የቀዘቀዘ ቦታ መጠለያ ይሆናል፡፡ ገደላ ገደልና ጠባብ ሸለቆ እንደ ጭስ ማውጫ እሳትን ስለሚስቡ አይገባባቸውም፡፡

ጭስ ብቻውንም ምክንያት ነው፡፡ በአስም ይቸገር የነበረው የአሰላው ልጅ ኃይሌ በ2000 ዓ.ም. የቤጂንግ ኦሊምፒክ ማራቶንን በአየር ብክለቱ ሳቢያ ትቶ በ10,000 ሜትር ብቻ መወዳደሩ ይታወሳል፡፡ የዓለም የማራቶን ክብረ ወሰን ባለቤት ሳንባውን ለማትረፍ ውድድር ከተወ፣ ለመዝናኛ የወጣ ሰው ጉዞ ቢሰርዝ አያሳፍርም፡፡ እርጥብ ነጠላ አፍንጫ ላይ ማሰር ደቃቁን የጭስ ብናኝ አያስቀርም፤ የሚሻለው ኤን 95 የሚባለው ጭምብል ነው፡፡

ብስክሌቱ

የግራር እሾህ የዚህ መንገድ ዋነኛ ጠላት ነው፡፡ ከዴራ ወዲያ ጎሚስታ ቢገኝም የተራራ ብስክሌት ዕቃ ላይኖረው ስለሚችል ሁለት ከለመዳሪያ፣ ማስቲሽ፣ መጠገኛና መንፊያ ይዞ መነሳት ግድ ነው፡፡ ረዥም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያለማቋረጥ መያዝ ጎማው የተገጠመበትን ቸርኬ አግሎ ከለመዳሪያውን ሊያፈነዳ፣ በዲስክ ፍሬንም ላይ ከሆነ አቅሙን ሊያዳክም ይችላል፡፡ ይዞ መልቀቅ፣ በየመሀሉም ቆሞ ማቀዝቀዝ ይገባል፡፡ ከመተሐራ ወደ አዳማ የሚወስደው አስፋልት የጅቡቲ ከባድ መኪኖች የሚበዙበት በመሆኑ በብስክሌት ከመመለስ መኪና ላይ ጭኖ መሄድ ይሻላል፡፡

አርቦዬ ላይ የሚወሰነው

በአሜሪካ አሪዞና 1,290 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የእግርና የብስክሌት መንገድ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 መንገዱ የሚያልፍበት የካታሊና ተራራ ሲቃጠል የደን ባለሥልጣናት አካባቢውን ዘግተው ተጓዦችን አግደዋል፡፡ በእኛ አገር እንዲህ ያለ የመዝጊያ ምልክት የሚሰቅል የለም፡፡ መንገዱን መዝጋት የተጓዡ የራሱ ፋንታ ነው፡፡

ለዚህም አርቦዬ አድሮ ጠዋት ከመነሳት በፊት አምስት ነገሮችን ማጣራት ይበቃል፡፡

1. የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የቀኑን ሙቀትና ነፋስ እንዴት ተነበየ?

2. በናሳ ሳተላይቶች ታይተው «ፈርምስ» በተባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ ላይ የሚወጡት የእሳት ነጥቦች በመንገዱ ላይ አሉ ወይ? መረጃው በጥቂት ሰዓታት ልዩነት ስለሚወጣ ማታም ጠዋትም ማየት ይገባል፡፡

3. የፀጥታው ሁኔታ እንዴት ነው? በቅርብ ዓመታት በአርሲ የተለያዩ ወረዳዎች በሰላማዊ ሰዎች ላይ ጥቃት ደርሷል፡፡ አስቀድሞ ከዞንና ከወረዳ የፀጥታ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ፈቃድ ሳያገኙ ከአሰላም መነሳት አይገባም፡፡

4. የመሬት መንቀጥቀጡስ? በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተከታታይ የደረሰው መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቅሏል፣ መንገዶችንም ሰንጥቋል፡፡

5. ከተጓዦቹ መካከል ያልተኛ፣ ያተኮሰው ወይም ሆዱን ያመመው ሰው አለ ወይ?

ከአምስቱ የአንዱ መልስ ካላማረ ጉዞው አርቦዬ ላይ ያበቃል፡፡ ከዚያ በሲሬና በዴራ ወደ አዳማ መመለስ ይቻላል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ መኪናም ይገኛል፡፡ ከአንድ ሰዓት ቁልቁለት በኋላ ግን ይኸው ውሳኔ በቀትር ፀሐይ ብስክሌት እየገፉ ዳገት መውጣትን ይጠይቃል፡፡ የተነሱበትንና የሚደርሱበትን ሰዓት አርቦዬ ላይ ለሚቀር ሰው ነግሮ መሄድ፣ ደርሰውም መደወል ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፡፡