የአስፋልት ግትርነት መፈተሻ ላቦራቶሪ አተካከል

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ወልቂጤን ካለፈ በኋላ ወደ ሞቃታማው የግቤ ሸለቆ ይወርዳል። ዳገቱን የሚወጡ የጭነት መኪናዎች ቀስ ብለው ስለሚጓዙ በፀሐይ የጋለው አስፋልት ክብደታቸውን ረዘም ላለ ጊዜ ይሸከማል። ግትርነቱ አነስተኛ ከሆነ ጎማው በሚያልፍበት መስመር ቦይ ይፈጠራል። በአንጻሩ ቡታጅራ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ቀዝቀዝ ያለች ከተማ በመሆኗ ለግቤ የተስማማው ቅይጥ ሁሉ ለእርሷ ይስማማል ማለት አይደለም።

ግትርነት ከጥንካሬ ይለያል፤ አስፋልቱ እስኪሰበር የሚችለውን ሳይሆን በጭነት ሥር ቅርፁን ምን ያህል እንደሚጠብቅ ያመለክታል። በቀጥታ የሚለኩት ማሽኖች ናሙናውን ሳይሰብሩ በአጫጭር ምት የሚጫኑ ሲሆኑ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ካቢኔም ይፈልጋሉ። በመንገድ ፕሮጀክቶች ላይ በስፋት የሚሠራበት ግን ማርሻል የተባለው ፈተና ነው። 101.6 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ናሙና በ60 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይቆይና በደቂቃ 50.8 ሚሊ ሜትር በሚጓዝ ማሽን ይጨመቃል። የቻለው ከፍተኛ ጭነት እስከዚያው ለተጨመቀበት መጠን ሲካፈል የግትርነቱ ግምት ይገኛል።

ለአተካከሉ መጀመሪያ የሚታየው ወለሉ ነው። ናሙናው የሚደቀደቀው 4.5 ኪሎ ግራም ገደማ በሚመዝንና ከ45.7 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በሚወድቅ መዶሻ ስለሆነ መቆሚያው ከጠንካራ ኮንክሪት ጋር መታሰር አለበት። የሚነቃነቅ ወለል የምቱን ኃይል ስለሚውጥ ናሙናው በሚገባ ሳይጠቀጠቅ ይቀራል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ኤሌክትሪኩ ነው። የአገራችን መስመር 50 ኸርዝ ነው። ፍጥነቱ በቀጥታ ከመስመሩ ጋር የተያያዘ፣ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር እዚህ ሲነሳ 50.8 የነበረው ጉዞ ወደ 42 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አስፋልት ቀስ ብለው ሲጫኑት ይለሰልሳልና ደህናው ቅይጥ ደካማ መስሎ ይታያል፤ ተቋራጩም ባላጠፋው ሥራውን እንዲያፈርስ ሊታዘዝ ይችላል። ስታቢላይዘር ቮልቴጁን እንጂ ኸርዙን አያስተካክልም። ፍጥነቱን በማስመሪያና በሰዓት መለካት አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ በጄኔሬተር ሲሠራ ደግሞ መደገም አለበት።

ቴርሞሜትርን በፈላ ውኃ የሚፈትሹ ባለሙያዎች ከፍታውን ማሰብ ይኖርባቸዋል። ቡታጅራ ላይ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 100 የሚያሳይ ቴርሞሜትር እዚያ ስህተተኛ ነው። የጭነት መለኪያውም ከአዲስ አበባ በመኪና ተጉዞ ከተተከለ በኋላ እንደገና ልኩ መረጋገጥ አለበት፤ ፊት የተሰጠው የምስክር ወረቀት ከጉዞው በፊት የነበረውን ነው የሚናገረው።

የጉራጌ ሕዝብ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከኪሱ እያዋጣ መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነውና የመለኪያው ነገር የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ተብሎ ባይታለፍ መልካም ነው።

በመጨረሻም የውኃ ገንዳው ከመጭመቂያው ማሽን አጠገብ ይቀመጥ። ናሙናው ከውኃ ወጥቶ ከፍተኛው ጭነት እስኪመዘገብ የሚፈቀደው 30 ሰከንድ ብቻ ነው።