ጣና ቂርቆስ፦ የብሉይና የሐዲስ ደሴት

ከጉና ተራራ የሚመነጩት ርብና ጉማራ፣ አንዱ በደብረ ታቦር ሰሜን፣ ሌላው በደቡቧ ወርደው፣ የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ወደ ጣና ሐይቅ ይገባሉ፤ መንገደኛም ውሃውን ተከትሎ እስከ ምሥራቁ ዳርቻ ቢወርድና በደንገል ታንኳ ቢሻገር፣ ከጥንታዊው የጣና ቂርቆስ ገዳም ይደርሳል።

የገዳሙ አበው ሲያወርዱት በኖሩት ትውፊት መሠረት፣ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም እስክትሄድ ድረስ 800 ዓመት ያህል በዚህች ደሴት በድንኳን አርፋለች፤ እመቤታችንም በስደቷ ወራት ከልጇ ጋር ተቀምጣባታለች። በቅጥሩ ውስጥ የቆሙት አጫጭር የድንጋይ ዓምዶች ራሳቸው እንደ ጽዋ የተቦረቦረ ሲሆን፣ መነኮሳቱ በሕገ ኦሪት ዘመን የመሥዋዕቱ ደም ይፈስባቸው የነበሩ ናቸው ብለው ለእንግዳ ያሳያሉ። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማንም የሐይቁን ደሴቶች ዞሮ አይቶ፣ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. አሳትሟል።

በባሕር ተጉዞ ጥንታዊ መቅደስ መሳለም የሌላውም ዓለም ልማድ ነው። በጃቫ ደሴት በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታነጹት የቡድሃው ቦሮቡዱርና የሂንዱው ፕራምባናን ዛሬ ብዙ እንግዳ ይጎርፍባቸዋል፤ ሆኖም ቦሮቡዱር ለረዥም ዘመን ተረስቶ ኖሮ፣ በ1814 እ.ኤ.አ. ከአፈርና ከዱር ሥር ተገልጦ የወጣ ነው። ጣና ቂርቆስ ግን ዛሬም ማኅሌት የሚቆምበት፣ ቅዳሴ የሚቀደስበት ሕያው ገዳም ነው። እንግዲህ ወደዚያ የምትሻገር አንባቢ ሆይ፣ ጫማህን አውልቀህ፣ አበውን አስፈቅደህ ግባ፤ የሚነግሩህንም በጥሞና ሰምተህ ለትውልድ ጽፈህ አቆይ።