ከቤተሰብ ቤት ወጥቶ ለመከራየት ስንት ብር ይበቃል?

ሥራ ይዞ ሁለት ሦስት ደመወዝ የተቀበለ ወጣት "አሁንስ ልውጣ?" ብሎ ማሰቡ አይቀርም። አዲስ አበባ ላይ ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ሒሳብ ነው። ሒሳቡን ሳይሠራ የወጣ ሰው በሦስተኛው ወር ፍራሹን ጠቅልሎ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁን በቅደም ተከተል አሰባስበናል።

🔹 እጃችሁ የሚገባው ስንት ነው?

ኪራይ የሚከፈለው ከተጣራው ደመወዝ ነው። ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሰው እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት 2,250 ብር ግብር፣ 7 በመቶ ደግሞ ጡረታ (840 ብር) ይቆረጥበታል። እጁ የሚገባው 8,910 ብር ነው።

ይህ ሰው በ4,000 ብር አንድ ክፍል ተከራየ እንበል። ለታክሲ በቀን 80 ብር ቢያወጣ በ26 የሥራ ቀን 2,080 ብር ይሆናል። የቀረው 2,830 ብር ነው፤ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 94 ብር ገደማ። ምግቡም፣ መብራቱም፣ ሳሙናውም፣ የስልክ ካርዱም ከዚሁ ነው። አያስኬድም!

ያንኑ ክፍል ከጓደኛው ጋር በደባልነት ቢይዝ ግን ኪራዩ 2,000 ብር ይሆንና በቀን 161 ብር ይቀረዋል። ጠባብ ቢሆንም ያኖራል። የራሳችሁን ደመወዝ፣ የሰፈራችሁን ኪራይና የታክሲ ወጪያችሁን አስገብታችሁ ይህንኑ ሒሳብ ሥሩ።

🔹 የመግቢያው ወጪ

ብዙ ሰው የሚደናገጠው የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው። በአንድ ጊዜ የሚወጣው ብር ይህን ይመስላል፦

👉 ቅድሚያ ክፍያ
👉 የደላላ ኮሚሽን (ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ስንት እንደሆነ ተስማሙ)
👉 ዕቃ መጫኛ
👉 ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ምድጃ፣ ድስት፣ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ቁልፍ

እኛ የምንመክረው ቢያንስ የአራት ወር ኪራይ የሚያህል ብር ሳትይዙ እንዳትወጡ ነው። እቁብ ካላችሁ የምትወጡበትን ወር ዕጣችሁ ከሚደርስበት ጋር አገናኙት። አልጋና ቁም ሳጥን ይቆዩ፤ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎ መጀመር የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

🔹 ቤቱን ስታዩ ምን ትጠይቃላችሁ?

እንደ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና ቦሌ አራብሳ ያሉ ኮንዶሚኒየሞች ኪራያቸው መሀል ከተማ ካለው ሊቀንስ ይችላል፤ መንገዱ ግን ብርም ጊዜም ይበላል። ስለዚህ ኪራዩንና ትራንስፖርቱን ደምራችሁ አወዳድሩ።

ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት ከሆነ ደግሞ እነዚህን ጠይቁ፦

👉 ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? የጋራ ከሆነ እንዴት ይካፈላል?
👉 ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አለ?
👉 ሽንት ቤቱን ስንት ሰው ይጠቀምበታል?
👉 በር የሚዘጋው ስንት ሰዓት ነው? እንግዳ ይፈቀዳል?

የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች፤ ማታ ማታ ለሚሠራ ወይም ለሚማር ሰው ግን ቤቱን የሚያስለቅቅ ጣጣ ናት።

🔹 ሕጉ ምን ይላል?

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ተከራይ ሊያውቃቸው የሚገቡ ዋና ዋና ነጥቦች፦

👉 ውሉ በጽሑፍ መሆንና በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት
👉 የውሉ ጊዜ ከ2 ዓመት ሊያንስ አይችልም
👉 ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም
👉 ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው
👉 ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው

"የስድስት ወር በአንዴ ክፈል" የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ሕጉ እንደማይፈቅድለት እወቁ።

🔹 ከእነዚህ ተጠንቀቁ

"ውሉ ላይ 3,000 እንጻፍ፣ ሌላውን 3,000 በእጅ ትሰጠኛለህ" የሚል አከራይ አለ። ብዙ ተከራይ ቤቱ እንዳያመልጠው ብሎ ይስማማል። ነገር ግን ጠብ ሲነሳ በእጅ የሰጣችሁት ብር ማስረጃ የለውም። አከራዩ ነገ ተነስቶ "ጨምር" ቢላችሁም በእውነት ስንት ትከፍሉ እንደነበር ማሳየት ይቸግራችኋል።

ሁለተኛው፣ ቴሌግራም ላይ የቤት ፎቶ ለጥፎ "ቤቱ እንዲያዝላችሁ ቀብድ ላኩ" የሚለው ነው። ቤቱን ገብታችሁ ሳታዩና አከራዩን በአካል ሳታገኙ አንድ ብርም እንዳትልኩ። የአከራዩን መታወቂያ፣ የቤቱን ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየሙን ውል፣ ባለቤቱ ከሌለ ደግሞ ውክልናውን አሳዩኝ በሉ። የሚቆጣ ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ስትገቡ የተሰነጠቀውን ግድግዳ፣ የተሰበረውን መስታወትና የቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንሱ። ውሉንና የከፈላችሁበትን ደረሰኝም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ውጡ የተባላችሁ ቀን የምትይዙት ማስረጃ እሱ ነው።

ሒሳቡ ካልመጣ ስድስት ወር ቤተሰብ ጋር ቆይቶ መቆጠብ ሽንፈት አይደለም። ከመጣ ደግሞ በርቱ፣ ቤቱን የበረከት ያድርግላችሁ!

ቤት እየፈለገ ላለ ጓደኛችሁ አጋሩት።