የመንገደኛ ፉርጎ

የመንገደኛ ፉርጎ የራሱ ሞተር የሌለው፣ በሎኮሞቲቭ እየተጎተተ ሰው የሚያጓጉዝ የባቡር ክፍል ነው። በኢትዮጵያ አዳዲስ የመቀመጫና የመኝታ ፉርጎዎች በአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ላይ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት ይሰጣሉ። ከዚህ መስመር አዋሽ ላይ ተገንጥሎ ወደ ሰሜን ወሎ የሚዘልቀው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድም በስፋቱም ሆነ በኤሌክትሪክ ኃይሉ ለተመሳሳይ ባቡሮች እንዲስማማ ሆኖ ተነድፏል።

ስያሜ

«ፉርጎ» የሚለው ቃል የመጣው ከፈረንሳይኛው «ፉርጎን» ነው። በፈረንሳይኛ የዕቃ መጫኛ ማለት ሲሆን በአማርኛ ግን ሰው የሚሳፈርበትንም ክፍል ይጨምራል። «ለገሀር» የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስምም «ጣቢያው» የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ቃል የተገኘ ነው።

አሠራር

አንድ ፉርጎ ብዙውን ጊዜ በሁለት ቦጊዎች ላይ ያርፋል። ቦጊ ጎማዎቹንና ንዝረት የሚቀንሱትን ስፕሪንጎች የያዘ፣ በኩርባ ላይ ከሐዲዱ ጋር አብሮ የሚዞር አካል ነው። ከሎኮሞቲቩ ተነስቶ በፉርጎዎቹ ሁሉ የሚያልፍ የአየር ቱቦ ፍሬኑን ይቆጣጠራል። ቱቦው ቢበጠስ ወይም ፉርጎ ተላቆ ቢቀር የአየር ግፊቱ ስለሚወርድ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል።

ሞተሩ ያለው በሎኮሞቲቩ ላይ ብቻ በመሆኑ የመንገደኛው ክፍል ድምፅ ይቀንሳል፤ ይህም ለመኝታ ባቡር ይመረጣል። መንገደኛ ሲበዛ ፉርጎ መጨመር፣ ሲያንስ መቀነስ ይቻላል። ሎኮሞቲቭ ቢበላሽም ሌላ ይተካል። በሌላ በኩል ባቡሩ መጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ ሎኮሞቲቩ ተፈቶ ወደ ሌላኛው ጫፍ መዞር ስላለበት ጊዜ ይወስዳል።

ዓይነቶች

በአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የሚሠሩት ፉርጎዎች ቻይና ሠራሽ ናቸው። በቻይና በተለመደው አሠራር ሦስት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ፦

• የመቀመጫ ፉርጎ፦ 118 ሰው ያህል ይይዛል።
• ተራ የመኝታ ፉርጎ፦ በር በሌላቸው 11 ክፍሎች ሦስት ደርብ አልጋዎች ተዘርግተው በጠቅላላው 66 አልጋ ይኖሩታል።
• ምቹ የመኝታ ፉርጎ፦ በር ያላቸው 9 ክፍሎች አራት አራት አልጋ ይዘው በጠቅላላው 36 ሰው ያስተናግዳል።

አልጋ ከመቀመጫ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ አንድ የመኝታ ፉርጎ የሚጭነው ሰው ጥቂት ነው። የአልጋ ትኬት ከመቀመጫ ትኬት የሚወደደውም በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ሐዲድ ስፋቱ 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። በዚህ መስመር ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎዎች ይሠሩ ነበር። አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው የቀድሞዎቹ ፉርጎዎች ሊሄዱበት አይችሉም። መስመሩ በኢትዮጵያ በኩል መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ መደበኛ አገልግሎቱ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ተጀመረ። ባቡሮቹ በ25 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ ኃይል ይሠራሉ።

የሰሜን ወሎ መስመር

ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አቅራቢያ እስከሚገኘው ሐራ ገበያ ድረስ የሚዘረጋው መስመር ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የግንባታ ውሉ በ2004 ዓ.ም. ከቱርኩ ያፒ መርኬዚ ኩባንያ ጋር የተፈረመ ሲሆን ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። መስመሩ በሁለት ምዕራፍ ተከፍሏል፤ የመጀመሪያው ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ 270 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው ከኮምቦልቻ እስከ ሐራ ገበያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌና ወደ ታጁራ ወደብ የሚቀጥሉ መስመሮችም ታቅደው ነበር።

በመጀመሪያው ምዕራፍ ሐዲዱ ቢነጠፍም የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ በወቅቱ ባለመሟላቱ ባቡር ሳይሄድበት ቆየ። ወልዲያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.፣ ኮምቦልቻም ለጥቂት ሳምንታት በጦርነቱ በተያዙበት ወቅት ፕሮጀክቱ ጉዳት ደረሰበት።

ለአካባቢው ያለው ፋይዳ

ከወልዲያ፣ እንዲሁም ከመርሳና ከሌሎች የሀብሩ ወረዳ ከተሞች ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ በደሴና በጣርማ በር ዳገት በኩል በመኪና የሚከናወን ነው፤ ከወልዲያ እስከ አዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አገር አቋራጭ አውቶቡሶች በአብዛኛው ንጋት ላይ ስለሚነሱ ለሕክምና ወይም ለንግድ የሚሄድ ሰው አንድ ሙሉ ቀን በጉዞ ያሳልፋል።

በሐዲድ በአዋሽ በኩል ሲዞር ርቀቱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በሰዓት በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ አሥር ሰዓት ይፈጃል። ይህ ርዝመት ማታ ተሳፍሮ፣ ተኝቶ፣ ጠዋት ለመድረስ የሚመች ነው። ሐዲዱና የኤሌክትሪክ ኃይሉ አንድ ዓይነት በመሆናቸው መንገደኛው አዋሽ ላይ ባቡር መለወጥ ሳያስፈልገው መቀጠል ይችላል። ወልዲያ የላሊበላ መግቢያ በመሆኗም በገና ሰሞን ለሚበዛው ተሳላሚ ተጨማሪ ፉርጎ መቀጠል ይቻላል።

በሌሎች አገሮች

ያው የቱርክ ኩባንያ በተሳተፈበት የታንዛኒያ አዲስ መስመር ላይ ከዳሬሰላም እስከ ዶዶማ የመንገደኛ አገልግሎት በ2016 ዓ.ም. ተጀምሯል። በአውሮፓም የኦስትሪያ ምድር ባቡር በዚያው ዓመት አዳዲስ የመኝታ ፉርጎዎችን ከቪየና ወደ ሃምቡርግ በሚሄደው የሌሊት ባቡር ላይ አሰማርቷል።